የታሪክ ማስታወሻ፦ ከመዝገብ የወጡት ድሆች

ዛሬ በታሪክ ማስታወሻ የምናወራው ስለ አንድ ስሌት ነው። በተለይ የመመረቂያ ጽሑፋችሁን እየሠራችሁ የምታዳምጡን ተማሪዎች ስሌቱን ታውቁታላችሁ። መጠይቁ ተበትኖ ተሰብስቧል፣ መረጃው ኤስፒኤስኤስ ውስጥ ገብቷል፣ አማካሪያችሁም መልቲፕል ሪግሬሽን ሥሩበት ብለዋችኋል። ኮምፒዩተሩ ሠንጠረዡን ወዲያው ያወጣዋል። ሠንጠረዡ ምን እንዳለና ምን እንዳላለ መረዳት ግን ጊዜ ይፈልጋል። ስሌቱ በሰው ኑሮ ላይ መጀመሪያ ሲሞከር የሆነውን ማወቅ እዚህ ላይ በጣም ይረዳል።

አገሩ እንግሊዝ፣ ዘመኑ የ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1834 በወጣው የድሆች ሕግ መሠረት ችግረኛ የሚረዳው በሁለት መንገድ ነበር። አንደኛው ወርክሃውስ ወደሚባለው የድሆች ማደሪያ መግባት ነው። እዚያ ባልና ሚስት ተለያይተው ያድራሉ፣ ልጅ ከወላጁ ይነጠላል፣ ሥራው ከባድ ነው። ኑሮውን ሆን ብለው ነው ያከበዱት፤ ሌላ መውጫ ያለው ሰው ደጁን እንዳይረግጥ። ሁለተኛው መንገድ ችግረኛው እቤቱ ተቀምጦ ጥቂት ገንዘብ ወይም ዳቦ ማግኘቱ ነው። ከ1870ዎቹ ጀምሮ ባለሥልጣናቱ ይህን የቤት እርዳታ ማጥበብ ያዙ። የቤት እርዳታ ሲበዛ ተረጂም ይበዛል የሚል ሙግት ነበራቸው። የለንደንን ድህነት በሰፊው ያጠናው ቻርለስ ቡዝ ግን በ1894 ባሳተመው መጽሐፍ፣ በሁለቱ መካከል እንዲህ ያለ ዝምድና እንዳላገኘ ጻፈ።

ይህን የሞገተው ጆርጅ ኡድኒ ዩል የተባለ ወጣት ስኮትላንዳዊ ነው። በ1871 የተወለደው ዩል በትምህርቱ መሐንዲስ ነበር፤ ጀርመን ቦን ድረስ ሄዶም በሃይንሪኽ ኸርትዝ ሥር ፊዚክስ አጥንቷል። ወደ ስታትስቲክስ ያስገባው ካርል ፒርሰን ሲሆን፣ በ1893 ለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ውስጥ ረዳቱ አደረገው።

ከእነርሱ በፊት ፍራንሲስ ጋልተን የ205 ቤተሰቦችን 928 ልጆች ቁመት ከወላጆቻቸው ጋር አነጻጽሮ፣ በሁለት ነገሮች መካከል ያለ ዝምድና በመስመር ሊገለጽ እንደሚችል አሳይቶ ነበር። የዩል ትልቁ እርምጃ በ1897 መጣ። የሥነ ፈለክ ሰዎች ከሌዣንድርና ከጋውስ ዘመን ጀምሮ የሚሠሩበት የሊስት ስኩዌር ስሌት ይህንኑ መስመር እንደሚሰጥና ከሁለት በላይ ለሆኑ ነገሮችም እንደሚሠራ ገለጸ። አንዱ ሲለወጥ ሌሎቹ ባሉበት ቢቆዩ ምን ይሆናል ብሎ ለመጠየቅ መንገድ ተከፈተ ማለት ነው፤ መልቲፕል ሪግሬሽን የምንለውም ይኸው ነው።

በ1899 ይህን ስሌት በድሆች መዝገብ ላይ አዋለው። ከ1871 እስከ 1891 ያለውን ጊዜ በሁለት አስርት ከፍሎ፣ በየወረዳው የተረጂዎች መጠን እንዴት እንደተለወጠ መረመረ። ምክንያት ሊሆኑ ይችላሉ ብሎ ያስገባቸው ሦስት ናቸው፦ የቤት እርዳታ ከወርክሃውሱ አንጻር ያለው ድርሻ፣ የሽማግሌዎች መጠንና የሕዝብ ብዛት።

ቁጥር የሚወድ አድማጭ ወረቀት ያቅርብ፤ የለንደኑን ኬንዚንግተን እንውሰድ። ከ1871 እስከ 1881 እዚያ የቤት እርዳታ ድርሻ በ95 በመቶ ወርዷል፣ የሽማግሌዎች መጠን በ4 በመቶ፣ የሕዝቡ ብዛት በ36 በመቶ ጨምሯል። ዩል ለለንደን ወረዳዎች ያገኘው ቀመር መነሻው 13.19 ነው። የቤት እርዳታው ለውጥ በ0.755 ተባዝቶ ይደመርበታል፤ የሽማግሌዎቹ ለውጥ በ0.022፣ የሕዝቡ ደግሞ በ0.322 ተባዝቶ ይቀነስለታል። ሲሰላ የተረጂዎቹ መጠን በ70 በመቶ ገደማ ይወርዳል ይላል። በእውን የወረደው በ73 በመቶ ነው።

የሚያስደምም ቅርበት ነው። ነገር ግን ምን እንደተቆጠረ ልብ እንበል። የተቆጠረው መዝገብ ላይ የሰፈረ ተረጂ ነው እንጂ ድሃ አይደለም። የቤት እርዳታ የተከለከለች አንዲት አሮጊት ወርክሃውስ ከምገባ ብላ ጦሟን ብታድር፣ ከመዝገቡ ትወጣለች፣ ቁጥሩም ይቀንሳል። ከመዝገብ የወጣ ሁሉ ከችግር አልወጣም። ይህን ታሪክ ባነበብን ቁጥር ልባችን የሚቆመው እዚህ ላይ ነው።

ዩል ጠንቃቃ ሰው ነበር። ለውጡ ይህን ያህል የመጣው በቤት እርዳታው ምክንያት ነው ብሎ በጻፈበት ቦታ የግርጌ ማስታወሻ አኖረ፤ በጥብቅ ሲነገር «በዚህ ምክንያት» ያልኩት «ከዚህ ጋር ተዛምዶ» ተብሎ ይነበብ የሚል። በዚህች አጭር መስመር የጠቀሰው ጥያቄ ዛሬም የየመመረቂያ ጽሑፉ ጥያቄ ነው።

የካምብሪጁ የምጣኔ ሀብት ሊቅ አርተር ፒጉ በ1910 ሙግቱን ወደፊት ገፋው። የቤት እርዳታን ያጠበቡት ወረዳዎች አብዛኛውን ጊዜ በደንብ የሚተዳደሩትም ናቸው፤ መልካም አስተዳደር በራሱ ተረጂን ሊቀንስ ይችላል፤ የአስተዳደር ጥራት ደግሞ ዩል ካስገባቸው ሦስቱ ውስጥ የለም። ወደ እኛው ገጠር ብናመጣው፣ ማዳበሪያ የተጠቀመ ገበሬ ምርቱ ከፍ ብሎ ሲገኝ፣ በሬውም ውኃ ገቡ መሬቱም የእርሱ ሆኖ እንደሆነ ያልጠየቀ ተማሪ ሁሉንም ለማዳበሪያው ይሰጠዋል። ሶፍትዌሩ ያልገባለትን ነገር አይጠይቅም።

ከዩል የ1899 ሥራ በኋላ ሙያው ሰፋ። ስፒርማን በ1904 ፋክተር አናሊሲስን ጀመረ፣ ሆቴሊንግ በ1933 የፕሪንሲፓል ኮምፖነንትን ስሌት አዳበረ፣ ፊሸር በ1936 ሦስት የአይሪስ አበባ ዝርያዎችን በአራት ልኬቶች ለየ። ዩልም አስተማሪ ሆኖ፣ በ1911 ያሳተመው የስታትስቲክስ መግቢያ መጽሐፍ እስከ 1950 ድረስ 14 ጊዜ እየታደሰ ወጥቷል።

የንጉሣዊው የስታትስቲክስ ማኅበር ፕሬዚዳንት ሆኖ ባደረገውና በ1926 በታተመው ንግግር ሌላ ቁጥር ይዞ ቀረበ። ከ1866 እስከ 1911 በእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን የተፈጸሙ ጋብቻዎች ከጠቅላላው ያላቸው ድርሻና የሕዝቡ የሞት መጠን 0.95 ተዛምዶ አላቸው። በቤተ ክርስቲያን የሚያገባ ሲያንስ የሚሞትም ያንሳል እንደ ማለት ነው። ሁለቱም በየራሳቸው ምክንያት ከዓመት ዓመት እየወረዱ ነበር፤ አብረው መውረዳቸው ብቻ ያን ትልቅ ቁጥር ሰጠ። ዩል ለዚህ ዓይነቱ ትርጉም የለሽ ተዛምዶ ምክንያቱን በስሌት አብራራ። በዓመቱ ደግሞ የፀሐይ ነጠብጣቦችን መዝገብ ወስዶ፣ የዘንድሮውን ቁጥር ካለፉት ሁለት ዓመታት ቁጥሮች የሚገምት ቀመር ሠራ፤ ኦቶሪግሬሽን እያልን የምንማረው የጀመረው ከዚያ ነው።