ዓባይ ሲደፈርስ፦ በጎጃም ውሃንና አፈርን የመለካት ታሪክ

ከሞጣ ወደ ቤጌምድር የሚያሻግረው ሰባራ ድልድይ በ17ኛው ክፍለ ዘመን በድንጋይና በኖራ የታነፀ ሲሆን፣ በጣሊያን ወረራ ዘመን ቅስቱ ከፈረሰ በኋላ መንገደኛው ለብዙ ዓመታት ወገቡን በገመድ ታስሮ፣ ከወዲህና ከወዲያ በቆሙ ሰዎች እየተጎተተ ይሻገር ነበር። ከሥሩ የሚያልፈው የዓባይ ውሃ በበጋ ጠርቶ በክረምት እንደ ጭቃ ወፍሮ መውረዱን ለአገሬው የሚነግረው አላስፈለገም፤ ጭቃው ከየትኛው ማሳ፣ ምን ያህል ሆኖ እንደሚነሣ በሚዛን መጠየቅ የተጀመረው ግን ድልድዩ ከተሠራ ሦስት መቶ ዓመታት ካለፉ በኋላ ነው።

አስቀድሞ የተለካው የውሃው መጠን ነበር፤ ልኬታውን የፈለጉት ከዓባይ ግርጌ ጥጥ የሚያለሙት ነበሩና። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ዐፄ ምኒልክ በ1902 ከብሪታንያ ጋር በተፈራረሙት ውል የዓባይን ፍሰት የሚያግድ ሥራ ያለ ስምምነት ላለመሥራት ተስማሙ፤ በዳንግላ ቆንስል የነበረው ሻለቃ ቺስማንም ጣናንና የዓባይን ሸለቆ ተዘዋውሮ አጥንቶ በ1936 መጽሐፉን አሳተመ። ከ1958 እስከ 1964 የአሜሪካ መንግሥት የመሬት ማልሚያ ቢሮ ተፋሰሱን፣ ማለትም ውሃው ወደ አንድ ወንዝ የሚጠራቀምበትን ምድር ሁሉ፣ አጥንቶ በዋናው ወንዝ ላይ አራት ግድቦች እንዲሠሩ ሐሳብ አቀረበ። በዚያ ቢሮ አነጋገር መሬትን ማልማት ደረቁን በመስኖ ማራስ እንጂ የተጎዳውን ማዳን አልነበረም።

የተጎዳውን የማዳን ጥያቄ ጎልቶ የመጣው ከ1970ዎቹ ረሃብ ወዲህ ነው። በ1981 የግብርና ሚኒስቴርና የስዊዘርላንዱ በርን ዩኒቨርሲቲ የአፈር ጥበቃ ምርምር ፕሮግራምን መሠረቱ፤ ከጣቢያዎቹ አንዱ የሆነው፣ ከጮቄ ተራራ በስተ ምዕራብ በደምበጫ አካባቢ የሚገኘው አንጀኒ፣ በ1984 ሥራ ጀመረ። ስፋቱ 113 ሄክታር ብቻ ነው። ዝናብ ሲጥል የጅረቱ ቀለም ወደ ቡናማ ሲለወጥ ተመልካቹ በየ10 ደቂቃው አንድ አንድ ሊትር ውሃ በጠርሙስ ይቀዳል፤ ውሃው በወረቀት ይጣራል፣ ወረቀቱ ላይ የቀረው ደለል ይደርቃል፣ ከዚያም ይመዘናል። ይህ ቀላል ሥራ ለዓመታት ሲደጋገም፣ ደለሉ እጅግ የሚበዛው በክረምቱ መግቢያ፣ ለጤፍ ደጋግሞ የታረሰው መሬት ራቁቱን ሳለ መሆኑን፣ ቡቃያው ማሳውን እየሸፈነ ሲሄድ ግን በዚያው ዝናብ ውስጥ ውሃው እየጠራ መምጣቱን አሳየ።

በ1986 የአንጀኒ ማሳ ፋንያ ጁ በሚባል የእርከን ዓይነት ተሸፈነ፤ ይህም በተዳፋቱ አግድም ቦይ ተቆፍሮ አፈሩ ሽቅብ የሚጣልበት፣ ስሙም ከስዋሂሊ የተወሰደ ዘዴ ነው። ዓመታት ሲያልፉ አፈሩ ከእርከኑ ላይ እየተከማቸ ዳገቱ ደረጃ በደረጃ ይለዝባል። የጎጃም ገበሬ ግን ከዚህ በፊትም መሣሪያ አላጣም፤ ትርፍ ውሃ ማሳውን እንዳያጥለቀልቅ በማረሻ የሚያወጣው ፈሰስ የሚባለው ቦይ ነበረው፤ አዘነባበሉ ሲሳሳት ግን ፈሰሱ ራሱ ቦረቦር ይሆናል።

የተጎዳውን መሬት የማዳን ወጪ ማን ይሸከም የሚለው ጥያቄ በሌላ አገር በሕግ ተመልሷል፤ በአሜሪካ በ1977 የወጣው የገጸ ምድር ከሰል ማዕድን ሕግ፣ ከሰል የሚያወጣው ድርጅት ቀድሞ ማስያዣ ገንዘብ እንዲያስቀምጥ፣ የገለጠውን የላይኛውን አፈር ለብቻ አቆይቶ መልሶ እንዲያለብስና ከአካባቢው የሚወጣውን ውሃ እንዲመረምር ያስገድዳል። የአንጀኒም ጠርሙስ የሚሠራው በዚሁ ሐሳብ ነው፤ የመሬቱ ጤና ከእርሱ በሚወርደው ውሃ ይታወቃል። በአንጀኒ ማስያዣ የሚያስቀምጥ ድርጅት ግን የለም። ወጪው የገበሬው ጉልበት ነው፤ ጥቅሙም ከእርሱ ማሳ አልፎ ግድብ ባለበት ሁሉ ይደርሳል፤ ይህ የሒሳብ መዛባት በቂ ትኩረት አላገኘም። እርከን የሚወስደው መሬት፣ በሬ የሚዞርበት ቦታ መጥበቡ፣ በካቡ ውስጥ የሚራባው አይጥ፣ ገበሬው ደጋግሞ ያነሣቸው ቅሬታዎች ናቸው፤ በምግብ ለሥራ ከተሠሩት እርከኖች ብዙዎቹም ደርግ ሲወድቅ ተመልሰው ታርሰዋል።