ትንንሽ መልክዓ ምድሮችን በየዕለቱ የመሣል ልማድ፤ አጭር የታሪክ ቅኝት

ሥዕል ሲባል በብዙዎቻችን ሐሳብ ቀድሞ የሚመጣው በትልቅ አዳራሽ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ሰፊ ሸራ ነው። ሠዓሊውንም የምናስበው መንፈሱ እስኪነሣሣ የሚጠብቅ፣ ሲነሣሣ ደግሞ እንቅልፍ አጥቶ የሚሠራ የተለየ ሰው አድርገን ነው። የመልክዓ ምድር ሥዕል ታሪክ ግን ከዚህ አመለካከት ጋር እምብዛም አይስማማም። በዚህ ዘርፍ ለታየው ዕድገት ዋናው መሠረት የደብተር ገጽ በሚያህል ወረቀት ወይም ሳንቃ ላይ፣ በአንድና በሁለት ሰዓት ጊዜ ውስጥ፣ ለገበያም ሆነ ለትርኢት ሳይታሰቡ ዘወትር የተሠሩ ንድፎች ናቸው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ ልማድ እንዴት እንደ ተጀመረና በምን ምክንያት እንደ ጸና በአጭሩ ማሳየት፣ ከዚያም ለሙያችን ያለውን ትርጉም ማመልከት ነው። የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮጳውያን አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

የብርሃን ሰዓት

ለልማዱ ግልጽ ሥርዓት ካበጁለት ሰዎች አንዱ ፈረንሳዊው ፒየር ኦንሪ ደ ቫለንሲየን (1750–1819) ነው። ይህ ሰው በወጣትነቱ በኢጣልያ ሲኖር የሮማን ጣራዎች፣ ዛፎችና ደመናዎች በዘይት ቀለም ወረቀት ላይ ይሥል ነበር። በ1800 ስለ ፐርስፔክቲቭ ባሳተመው መጽሐፍም ለመልክዓ ምድር ሠዓልያን ምክሩን ጨምሮበታል። በምክሩ መሠረት አንድ የውጭ ንድፍ ከሁለት ሰዓት በላይ ሊወስድ አይገባም፤ ፀሐይ ስትወጣ ወይም ስትጠልቅ የሚሠራ ከሆነ ደግሞ ከግማሽ ሰዓት ማለፍ የለበትም። ምክንያቱም ከዚያ ካለፈ ብርሃኑ ተለውጦ ሠዓሊው የሚያየው ሌላ መልክዓ ምድር ይሆናል። አንድን ስፍራ በልዩ ልዩ ሰዓት ደጋግሞ መሣልም ከምክሮቹ አንዱ ነው።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው፣ የሥዕሉ ትንሽነት የምርጫ ወይም የትሕትና ጉዳይ ብቻ አለመሆኑ ነው። የሥራው ጊዜ በፀሐይ ጉዞ ከተወሰነ፣ የሚሸፈነውም የወረቀት ስፋት በጊዜው ይወሰናል። ከምድር ወገብ ብዙ በማይርቀው አገራችን ጀንበር ቁልቁል ፈጥና ስለምትወርድ፣ ይህ ሒሳብ በእኛ ዘንድ የበለጠ ጥብቅ ይሆናል።

በዚያው ዘመን ኔፕልስ ከተማ ይኖር የነበረው የዌልስ ተወላጅ ቶማስ ጆንስ (1742–1803) የማረፊያ ቤቱን አካባቢ ግድግዳዎችና መስኮቶች ይሥል ነበር። ከእነዚህ አንዱ በ1782 ገደማ የተሠራው የግድግዳ ሥዕል 11 በ16 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ልስኑ የተላላጠ ግድግዳ፣ አንድ መስኮት፣ የተሰጣ ልብስና ጥቂት ሰማይ ይታይበታል። የጆንስ ትንንሽ ሥራዎች ከቤተ ሰቡ እጅ ወጥተው በሰፊው መታወቅ የጀመሩት በ1954 ሲሆን፣ ይህ የኔፕልስ ግድግዳ ዛሬ በለንደን ብሔራዊ የሥዕል ቤተ መዘክር ይገኛል።

የባለወፍጮው ልጅ

እንግሊዛዊው ጆን ኮንስተብል (1776–1837) አባቱ የውሃና የነፋስ ወፍጮዎች ነበሩት። ኮንስተብልም በወጣትነቱ በወፍጮ ሥራ አገልግሏል። የነፋስ ወፍጮ ሠራተኛ የሰማዩን ሁኔታ አስቀድሞ ካላነበበ ድንገተኛ ማዕበል ክንፎቹን ሊሰብርበት ስለሚችል፣ ደመናን መመልከት ለዚህ ሰው ከሥዕል በፊት የእንጀራ ጉዳይ ነበር ማለት ይቻላል።

በ1813 እና በ1814 የያዛቸው፣ ኪስ የሚገቡ ሁለት የንድፍ ደብተሮች እስከ ዛሬ በለንደን ተጠብቀዋል። ገጾቻቸው በዛፍ፣ በጀልባ፣ በማረሻና በመንገድ ንድፎች የተሞሉ ናቸው። በ1821 እና በ1822 ደግሞ ከለንደን በስተ ሰሜን ባለው ሐምፕስቴድ በተባለው ከፍታ ላይ ሆኖ ሰማዩን ብቻ ማጥናት ያዘ። በጥቅምት 1822 ለወዳጁ በጻፈው ደብዳቤ 50 ያህል የሰማይ ጥናቶች መሥራቱን አስታውቋል። ከብዙዎቹ ጀርባ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የነፋሱን አቅጣጫና የአየሩን ሁኔታ ጽፎባቸዋል። ሉክ ሀዋርድ የተባለው መድኃኒት ቀማሚ ደመናዎችን ሲረስ፣ ኩሙለስ፣ ስትራተስ እያለ የመደበው በ1802 በመሆኑ፣ የኮንስተብል ልማድ የአየር ጠባይ ሳይንስ ገና ዳዴ ይል በነበረበት ዘመን የተደረገ ትዕግሥተኛ የመስክ ምልከታ ነው።

ይህ ሁሉ የተደረገው በተመቻቸ ኑሮ አልነበረም። ቤተ ሰቡን ወደ ሐምፕስቴድ ያመጣው የባለቤቱ የማሪያ ጤንነት መድከም ሲሆን፣ እርስዋም በ1828 በሳንባ ነቀርሳ ሞተች። በዓመቱ በ1829 ሮያል አካዳሚ ኮንስተብልን ሙሉ አባል አድርጎ ሲመርጠው ዕድሜው 52 ደርሶ ነበር። ትንንሾቹ ጥናቶች አብዛኞቹ እስኪሞት ድረስ ከቤቱ አልወጡም። ልጁ ኢዛቤል ከእነዚህ ብዙዎቹን ለሕዝብ ሙዚየም የሰጠችው በ1888 ሲሆን፣ ይኸውም እርሱ ከሞተ 51 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። እንግዲህ ሰውዬውን በየማለዳው ወደ ውጭ ያስወጣው የገዢ ጥያቄ ወይም የተመልካች ጭብጨባ አልነበረም።

የቀለም ከረጢትና የቲን ቱቦ

መሐንዲሶች እንደ መሆናችን ስለ መሣሪያው ማንሣት ተገቢ ነው። የዘይት ቀለም ማለት በተልባ ዘይት የተለወሰ የቀለም ዱቄት ነው። የተልባ ዘይት የሚደርቀው እንደ ውሃ በመትነን ሳይሆን ከአየር ኦክስጅን ወስዶ በመጠንከር ነው። ስለዚህ ቀለሙን ለማቆየት አየር እንዳይነካው ማድረግ ያስፈልጋል። ቀድሞ ቀለም የሚቀመጠው አፉ በክር በታሰረ የአሳማ ፊኛ ውስጥ ነበር። ሠዓሊው በመርፌ ወግቶ ካወጣለት በኋላ ቀዳዳውን በደንብ መድፈን ስለማይቻል የቀረው ቀለም ይደርቃል፤ በጉዞ ላይም ከረጢቱ ይፈነዳል።

ይህንን ችግር የፈታው በለንደን ይኖር የነበረው አሜሪካዊ ሠዓሊ ጆን ጎፍ ራንድ ነው። በ1841 የፈጠራ መብት ያስመዘገበበት ቱቦ ከስስ የቲን ብረት የተሠራ ሲሆን፣ ሲጫኑት እየተጨማደደ ስለሚሄድ ወደ ቀረው ቀለም አየር አይገባም።

ቱቦው ባይፈጠር ኖሮ ኢምፕሬሽኒዝም የተባለው የሥዕል ስልት ባልተፈጠረም ነበር የሚል አባባል በሰፊው ይነገራል። አባባሉ እውነትነት ቢኖረውም ሙሉ አይደለም። ቫለንሲየን፣ ጆንስና ኮንስተብል ቱቦው ከመፈጠሩ ከ20 እስከ 60 ዓመት አስቀድመው በፊኛ ቀለም ወደ ውጭ ወጥተው ሠርተዋል። ቱቦው ያደረገው ነገር ቢኖር የጥቂቶችን ልማድ ለብዙዎች ማቅለሉ ነው። በኖርማንዲ ባሕር ዳር ቀኑን፣ ሰዓቱንና ነፋሱን በንድፎቹ ላይ እየጻፈ ሰማይ ይሥል የነበረው ኡጄን ቡዳን (1824–1898)፣ ወጣቱን ክሎድ ሞኔን ወደ ሜዳ ይዞት በወጣ ጊዜ ያስተማረው ይህንኑ ልማድ ነው።

ያልተፈጸመ የጸደይ መዝገብ

ልማዱ ከፍተኛ ደረጃ ላይ ደርሶ የሚታየው በካናዳዊው ቶም ቶምሰን (1877–1917) ሕይወት ነው። ቶምሰን በቶሮንቶ በንድፍ ሠራተኛነት ተቀጥሮ ይኖር ነበር። ከ1912 ጀምሮ አልጎንኩዊን ወደሚባለው የደን ክልል እየተመላለሰ 21 በ27 ሴንቲ ሜትር በሚያህሉ ሳንቃዎች ላይ ይሥል ጀመር። ሳንቃዎቹ ቀለሙ ሳይነካካ በትንሽ ሣጥን ውስጥ ተሰካክተው በታንኳ የሚጓዙ ነበሩ።

በ1917 የጸደይ ወራት በረዶው ከሚቀልጥበት ጊዜ ጀምሮ የወቅቱን ለውጥ በየቀኑ በአንድ ሥዕል ለመመዝገብ ወጥኖ እንደ ነበር የደኑ ጠባቂ የነበረ ወዳጁ ተርኳል። በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር ግን በታንኳ ከወጣበት ሐይቅ ሞቶ ተገኘ፤ 40 ዓመት አልሞላውም ነበር። ከትንንሾቹ ሳንቃዎች ተነሥቶ በስቱዲዮ የሠራቸው ትልልቅ ሥዕሎች ጥቂት ናቸው። ሳንቃዎቹ ግን በመቶዎች የሚቆጠሩ ሲሆኑ፣ እያንዳንዳቸው በየራሳቸው የተፈጸሙ ሥራዎች ናቸው። አንድ ትልቅ ሥራ ብቻ ጀምሮ የሞተ ሰው የሚተወው ጅምር ነው። የየቀኑን ሥራ በየቀኑ የዘጋ ሰው ግን እስከ መጨረሻው ዕለት ያለውን ትቶ ይሄዳል።

ለሙያችን ያለው ትርጉም

በእንግሊዝ አገር በዉሊች የመድፈኞችና የመሐንዲሶች የጦር ትምህርት ቤት፣ ከ1768 ጀምሮ ከ25 ዓመት በላይ ዋና የሥዕል መምህር የነበረው የመልክዓ ምድር ሠዓሊው ፖል ሳንድቢ ነው። እርሱ ራሱ ሥራውን የጀመረው በስኮትላንድ የካርታ ቅየሳ ውስጥ በንድፍ ሠራተኛነት ነበር። ትምህርት ቤቱ ለዕጩ መኮንኖቹ መልክዓ ምድር መሣልን ያስተማረው የውበት ስሜታቸውን ለማሳደግ አልነበረም። የወንዝን መታጠፊያ ወይም የተራራን ትከሻ በእጁ ያልሣለ ሰው በዓይኑም አጥርቶ እንዳላየው ስለሚታሰብ ነው።

ዛሬ ፎቶግራፍ ማንሣት ከምንም ጊዜ በላይ በመቅለሉ ይህ አስተሳሰብ ያረጀ ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ ፎቶግራፉ በዓይናችን ፊት ያለውን ሁሉ በእኩልነት ይይዛል፤ ንድፍ ግን የትኛው መስመር ዋና እንደሆነ እንድንወስን ያስገድደናል። የውሃ መውረጃው ከየት ተነሥቶ ወዴት እንደሚሄድ፣ ድንጋዩ ወዴት እንዳዘነበለ፣ ከክረምት በኋላ ገደሉ ምን ያህል እንደ ተናደ በመስክ ደብተሩ ላይ በእጁ የሚያሰፍር ባለሙያ፣ ወደ ቢሮው ይዞት የሚመለሰው ከሥዕሉ ይልቅ ፍርዱን ነው።

ልማዱን ለመጀመር የሚፈልግ የሥራ ባልደረባ ከላይ ከተጠቀሱት ሰዎች ጥቂት ደንቦች ሊወስድ ይችላል። ይኸውም ወረቀቱን ማሳነስ፣ ሰዓቱን አስቀድሞ መወሰንና ሲሞላ ማቆም፣ ቢቻል አንድን ስፍራ መላልሶ መያዝ፣ በጀርባውም ቀኑን፣ ሰዓቱንና የአየሩን ሁኔታ መጻፍ ነው። ቀለም ባይገኝ እርሳስ ይበቃል። ሥዕሉ ባያምርም ቀኑ የተጻፈበት እስከ ሆነ ድረስ ከሚቀጥለው ቀን ሥዕል ጋር ሊነጻጸር ይችላል፤ ሠዓሊውም የሚማረው ከዚሁ ንጽጽር ነው። እንጦጦን በየማለዳው ከመስኮቱ የሚያይ ሰው በአንድ ክረምት ውስጥ ስለ ደመና፣ ስለ ጉምና ስለ ጐርፍ መንገድ ሊማር የሚችለው ቀላል አይደለም። ለዚህ የሚያስፈልገው ግማሽ ሰዓት ደግሞ ከማናችንም ቀን ውስጥ የሚጠፋ አይመስልም።