ስለ ዓባይ ራስ ጥንታዊ አምልኮና ስለ አቡነ ዘርዐ ብሩክ መጻሕፍት

በአገው ምድር በአዲስ ቅዳም ከተማ ለተዝካር ሄጄ ከአንድ ዘመዴ ቤት ባደርሁ ጊዜ፣ የቤቱ ልጅ፣ በትምህርቱ የተመሰገነ ብላቴና፣ በእጅ ስልኩ የሚጫወተውን አንድ የባዕድ አገር ጨዋታ አሳየኝ። በጨዋታው ውስጥ ባሕርን የሚገዛ አምላክ አለ፤ ጦርነትን የሚገዛ አለ፤ ሞትንም የሚገዛ አለ። ለእያንዳንዱ ስምና ማዕርግ፣ ወዳጅና ጠላት፣ የልደት ታሪክና የመሥዋዕት ሥርዐት ተሰጥቶታል። ብላቴናው ይህን ሁሉ እኛ በልጅነታችን ውዳሴ ማርያምን እንደምናውቀው ያህል በቃሉ ይዞ፣ ሳያቋርጥ ቈጠረልኝ። «እነዚህን ማን አመጣቸው?» ብዬ ብጠይቀው፣ «ሰዎች ተቀምጠው ያሰቧቸው ናቸው፣ የኔታ፤ እውነት ናቸው የሚል ሰው የለም» አለኝ።

እኔም ነገሩን ከመንቀፌ በፊት ለማወቅ ወድጄ፣ የሚያውቁትን ጠየቅሁ። የዚህ ዓይነቱ ጨዋታ አባት፣ ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን በ1974 ዓ.ም. እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ያወጡት «ዱንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» የሚባለው ነው። ተጫዋቾቹ በገበታ ዙሪያ ተቀምጠው፣ አንዱ ጦረኛ፣ አንዱ ካህን፣ አንዱ ጠንቋይ ነኝ እያለ የሌላ ሰው ጠባይ ይይዛል፤ አንዱ ደግሞ ተራኪና ዳኛ ይሆናል፤ የሚደርስባቸውን መልካምና ክፉ የሚወስነው ዕጣ ነው። ደራስያኑ አማልክቱን ሁሉ ከራሳቸው አላመነጩም፤ በ1980 ዓ.ም. እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በታተመው የአማልክት መጽሐፋቸው የግሪክንና የግብፅን ጣዖታት ከየታሪኩ ለቅመው አስገብተዋል። በ1977 ዓ.ም. ባወጡት የአራዊት መጽሐፍ ውስጥም ካቶብሌፓስ የሚባል አውሬ ይገኛል። ትርጓሜው በግሪክ ቋንቋ «ወደ ታች የሚመለከት» ማለት ነው።

ክቡራን አንባብያን ሆይ፣ ይህን ስም የጠቀስሁት በከንቱ አይደለም። የዚህ አውሬ አገር በታሪኩ የዓባይ ራስ ነውና። በመጀመሪያው መቶ ዓመት የነበረው ሮማዊው ሊቅ ፕሊንዮስ ስለ ፍጥረታት በጻፈው መጽሐፉ፣ በምዕራብ ኢትዮጵያውያን ዘንድ ብዙዎች የዓባይ መነሻ ነው የሚሉት አንድ ምንጭ እንዳለ ይናገራል፤ በዚያም ምንጭ አጠገብ ራሱ እጅግ የከበደበት አውሬ ይኖራል ይላል። አውሬው ከራሱ ክብደት የተነሣ ዘወትር ወደ ምድር ያቀረቅራል፤ ይህም ለሰው በጎ ነው፤ ዐይኑን ያየ ሁሉ ወዲያው ይሞታልና። ፕሊንዮስ ወደዚህ አገር አልመጣም፤ የሰማውን ጻፈ። ከእርሱም ሌሎች ወሰዱ፤ ከአንድ ሺህ ዘጠኝ መቶ ዓመት በኋላም ተረቱ የልጆች ጨዋታ ሆኖ፣ ምንጩን በእግሩ ሄዶ ሊያየው ወደሚችል ወደ አዲስ ቅዳም ብላቴና እጅ ተመለሰ። ብላቴናው ግን አውሬው የማን አገር አውሬ እንደ ተባለ አያውቅም ነበር። ስለ እውነተኛው ምንጭ የተነገረውንም ጨርሶ አልሰማም።

እንግዲህ በዓባይ ራስ በእውነት ምን እንደ ነበረ፣ ያዩ ሰዎች ከጻፉት እንመልከት።

ከአዲስ ቅዳም ወደ ምሥራቅ፣ በሰከላ አገር፣ ግሽ በተባለው ተራራ ሥር ምንጩ ይገኛል። ከዚያ የሚወጣው ውሃ ግልገል ዓባይ ተብሎ ወደ ሰሜን ይወርድና ጣና ባሕር ይገባል። በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ጴጥሮስ ፓኤዝ የተባለው እስጳንያዊ ኢየሱሳዊ፣ በአውሮፓውያን አቈጣጠር አፕሪል 21 ቀን 1618 ዓ.ም. ከንጉሡ ጋር ወጥቶ ምንጩን አየ፤ የጥንት ታላላቅ ነገሥታት ሊያዩት ተመኝተው ያላገኙትን በማየቱም እጅግ ደስ እንዳለው ጽፏል። ከእርሱ በኋላ የመጣው ፖርቱጋላዊው ሎቦ፣ በዚያ የሚኖሩት አገዎች በየዓመቱ በተወሰነ ቀን በምንጩ ዘንድ ተሰብስበው ላም እንደሚሠዉ፣ ካህናቸውም የላሚቱን ራስ ከምንጩ ውስጥ እንደሚጥል ተርኳል።

ከዚህ የሰፋውን የጻፈው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ነው። ብሩስ በ1770 ዓ.ም. እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በኖቬምበር ወር ወደ ግሽ ደረሰ፤ መጽሐፉንም ከሃያ ዓመት በኋላ በ1790 ዓ.ም. አሳተመ። ይህ ሰው ክብሩን ለብቻው ለማድረግ ሲል ፓኤዝ ምንጩን አላየም ብሎ በመከራከሩ ይነቀፋል፤ ስለዚህም ቃሉን በጥንቃቄ ማንበብ ይገባል። ነገር ግን ስለ መሥዋዕቱ የጻፈው ዋና ነገር ከሎቦ ቃል ጋር ስለሚስማማ፣ ጨርሶ የሚጣል አይደለም።

ብሩስ እንደሚለው የአገው ነገዶች አለቆች የሚሰበሰቡት የውሻ ኮከብ የተባለው ሲሪዮስ በሰማይ በታየ ጊዜ ነው። ያልወለደች ጥቁር ጊደር ትታረዳለች፤ ራሷም በምንጩ ውሃ ይነከራል፤ ከዚያም ማንም እንዳያየው በገዛ ቆዳዋ ይጠቀለላል። ሥጋዋ በምንጩ ውሃ ታጥቦ ለየነገዱ ይከፈላል፤ ከምንጩም ውሃ ጋር ጥሬውን ይበሉታል፤ አጥንቱም ተቃጥሎ ዐመድ ይሆናል። ራሱን ግን ከምንጩ በታች ወደሚደርስ ዋሻ ይወስዱታል፤ በዚያ የሚደረገውን ለእንግዳ አይነግሩም። ለወንዙም መንፈስ የዓለም ብርሃንና የሁሉ አባት እያሉ ይጸልያሉ። የምንጩንም ካህን ብሩስ ክፍለ ዓባይ ብሎ ይጠራዋል፤ ሽማግሌው የወንዙን መንፈስ ከዛፍ ሥር በዐይኑ እንዳየው ያለ ማመንታት ነግሮታል።

በዚህ ላይ ሁለት ነገር ልብ ማለት ይገባል። አንደኛው የካህኑ ስም ነው። ክፍለ ማርያም፣ ክፍለ ጊዮርጊስ እንደምንል ሁሉ፣ ክፍለ ዓባይ የሚለውም በግዕዝ ሥርዐት የተሠራ ስም ነው። የወንዙ አገልጋይ በቤተ ክርስቲያን አሰያየም ተጠራ። ብሩስ በዚያው በግሽ የቅዱስ ሚካኤልን ቤተ ክርስቲያን አይቷል፤ ወደ ምንጩ ለመቅረብም ጫማውን ማውለቅ ግድ ሆኖበታል። ይህም እኛ ወደ ቤተ መቅደስ ስንገባ የምናደርገው፣ ሙሴም በሐመልማሉ ፊት የታዘዘው ነው። እንግዲህ አሮጌው ሥርዐትና አዲሱ ሥርዐት በአንድ ኮረብታ ላይ፣ ጎን ለጎን፣ አንዱ የአንዱን ቋንቋ እየተናገረ ኖረዋል።

ሁለተኛው ኮከቡ ነው። ያው ሲሪዮስ በግብፅ ንጋት ላይ ሲወጣ የዓባይ ሙላት መምጫ ምልክት ነበር፤ ግብፃውያንም ሙላቱን ሐፒ በሚሉት አምላክ ስም ያከብሩት ነበር። በወንዙ ጫፍና በወንዙ ራስ የነበሩ ሁለት ሕዝቦች አንዱን ኮከብ ጠበቁ። አንዱ ከሌላው ተማረ ለማለት ማስረጃ የለኝም፤ ነገር ግን ባሕረ ሐሳብን የሚያውቅ ሰው፣ የበዓሉን ቀን ከሰማይ የቈጠረ ሕዝብ ያለ ሥርዐት የሚኖር አልነበረም ብሎ መፍረድ ይችላል።

አሁን ወደ አቡነ ዘርዐ ብሩክ እንምጣ። የጻድቁ መታሰቢያ ጥር 13 ቀን ነው፤ በግሽም ስማቸው ከምንጩ ጋር ይነሣል። የአገሩ ትውፊት እንደሚለው፣ ጻድቁ በተያዙ ጊዜ የጸሎት መጻሕፍታቸውን ለዓባይ ውሃ አደራ ሰጡ። ከዓመታት በኋላ ተመልሰው ውሃውን አደራዬን መልስ ቢሉት፣ መጻሕፍቱ ሳይርሱና ሳይበላሹ ወጡ። ግሽ የሚለውም ስም ከዚህ ከ«ትፋ፣ መልስ» የመጣ ነው ይባላል። የሰዋስው ሊቃውንት ይህን ሲሰሙ በመዝሙር 44 ያለውን «ጐሥዐ» የሚለውን ግሥ ያስታውሳሉ፤ ያም ከውስጥ ማፍለቅንና ማውጣትን የሚያመለክት ነው። ስሙ አስቀድሞ በአዊኛ ሌላ ትርጓሜ ኖሮት እንደ ሆነ ግን አዊኛ አዋቂ ይጠየቅ።

ይህን ተአምር ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ፤ ሳስተምርም ተርኬዋለሁ። ነገር ግን የላሚቱን መሥዋዕት ታሪክ ካነበብሁ በኋላ ነው የተአምሩ ምሥጢር የተገለጠልኝ። በፊተኛው ሥርዐት ሕዝቡ ለውሃው ይሰጣል፤ ውሃውም ይወስዳል፤ የወሰደውን አይመልስም፤ በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ራስ ይፈልጋል። በጻድቁ ታሪክ ግን ውሃው ባለዕዳ ነው። የሰው እጅ ያኖረበትን አደራ በቃል ታዝዞ መለሰ። ትናንት አምላክ ተብሎ መሥዋዕት የተቀበለው ወንዝ፣ ዛሬ እንደ ታማኝ ሎሌ መጽሐፍ ጠባቂ ሆነ። ይህን ታሪክ የሚሰማ አገው ወንዝህ ከንቱ ነው አልተባለም፤ ወንዝህ ጌታ አለው ተባለ እንጂ። ከዚህ የበለጠ ስብከት ምን አለ? ነገር ግን የላሚቱን ታሪክ ለማያውቅ ሰው፣ የመጻሕፍቱ ተአምር ከሌሎች ብዙ ተአምራት እንደ አንዱ ብቻ ሆኖ ያልፋል።

በቅኔ ቤት እንደምንማረው፣ ሰሙ ከጠፋ ወርቁ መልክ አይኖረውም። የአገዎች ጥንታዊ ሥርዐት ሰሙ ነው፤ የጻድቁ ተአምር ወርቁ ነው። ሰሙን አሳፋሪ ነው ብለን ከጣልነው፣ ወርቁን ራሳችን እናደበዝዘዋለን።

ምናልባት ከካህናት ወገን «የጣዖት ነገር ተረስቶ የቀረው በጎ ነው፤ ስለ ምን ይነሣል?» የሚል ይኖራል። ሐሳቡ ከቅንዐት የመጣ ስለ ሆነ አልንቀውም። ነገር ግን ቅዱስ መጽሐፍ የዳጎንን ስም አልሰወረም፤ በታቦተ ጽዮን ፊት በግንባሩ መውደቁን የምናውቀው ስሙ ስለ ተጻፈ ነው። ቅዱስ ጳውሎስም በአቴና የማይታወቅ አምላክ የሚል የተጻፈበትን መሠዊያ ባየ ጊዜ ከዚያው ተነሥቶ አስተማረ። በአገራችንም ንጉሥ ዒዛና በአራተኛው መቶ ዓመት ባስቀረጻቸው ድንጋዮች ላይ፣ በፊተኞቹ ማሕረምን፣ ዐስተርንና ምድርን ሲጠራ፣ በኋለኛው ግን የሰማይን ጌታ ያመሰግናል። የፊተኞቹ ጽሕፈቶች ተፍቀው ቢሆን ኖሮ፣ የንጉሡን መመለስ ዛሬ በምን እናውቀው ነበር?

በዚህ ነገር እኔም በደለኛ ነኝ። በወጣትነቴ ቅኔ ስማር፣ አኮፋዳዬን አንግቤ በአገው ምድር ቍራሽ ስለምን፣ አንድ ሽማግሌ ከደጃቸው አስቀምጠው እንጀራ ሰጡኝ። ከዚያም «ተማሪ፣ አያቴ ስለዚህ ምንጭ የነገሩኝን ልንገርህ» ብለው ጀመሩ። እኔ ግን ሁለት ዓመት ባልሞላ ትምህርቴ ተመክቼ፣ «አባቴ፣ ይህ የአሕዛብ ነገር ነው፤ ይተዉት» አልኋቸው። ሽማግሌው አልተቈጡም። እሺ ልጄ ብለው ዝም አሉ፤ ውሃም ጨምረው አጠጡኝ። ከሠላሳ ዓመት በኋላ ቃላቸውን ፈልጌ ብመለስ፣ ያገኘሁት መቃብራቸውን ነው። ምን ሊነግሩኝ እንደ ነበር ዛሬ የሚያውቅ የለም። ፕሊንዮስ ሳያይ የጻፈው አውሬ ሁለት ሺህ ዓመት ያህል ሲኖር፣ እኒያ ሽማግሌ የሚያውቁት ቃል በእኔ ትዕቢት ከእርሳቸው ጋር ተቀበረ።

ሰባት ቤት አገው ከሰባት ወንድማማች እንደ ወረደ በአፍ ሲነገር ኖሯል፤ እነርሱም አንከሻ፣ አዘና፣ ባንጃ፣ ቻራ፣ ኳኩራ፣ ዚገምና መተከል ናቸው። የፈረሰኞቹ ማኅበር ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ የጥር 23ቱን በዓል ጠብቆ ስላቈየ ይመሰገናል። አዊኛም ዛሬ በፊደላችን ተጽፎ ሕፃናት በትምህርት ቤት ይማሩበታል። መጻፊያው አለ፤ ጸሓፊው አለ፤ ተናጋሪው ሽማግሌ ግን ቀን በቀን እየቀነሰ ነው። ስለዚህ በእነዚህ ሰባት ቤቶች አጥቢያ የምታገለግሉ፣ አዊኛም የምታውቁ ካህናት፣ ለንስሐ ልጆቻችሁ ለሽማግሎቹ ጊዜ ስጧቸው። ስለ ምንጩ፣ ስለ ዛፉ፣ ስለ ኮከቡ፣ ስለ ወንድማማቾቹ የሰሙትን ጠይቁ። ሳታርሙና ሳትገሥጹ፣ በራሳቸው ቋንቋ ጻፉት፤ የተናጋሪውንም ዕድሜና መንደር ጨምሩ። ትርጓሜውና ተግሣጹ በኋላ ይደርሳል።

ለብላቴናው ይህን ሁሉ በዚያች ሌሊት አጫወትሁት። ስልኩን አኑሮ እስከ መጨረሻው ሰማኝና፣ «የኔታ፣ ይህስ የት ተጽፎ ይገኛል?» ብሎ ጠየቀኝ። ከብሩስ መጽሐፍ በቀር የምጠቍመው አላገኘሁም። በማለዳ ግን ልጁ ደብተር ይዞ ከአያቱ አጠገብ ተቀምጦ አገኘሁት። አያቱ በአዊኛ ይናገራሉ፤ እርሱም አንገቱን ደፍቶ ይጽፋል። እንዳላቋርጣቸው ብዬ፣ ቁርሴን ሳልጠይቅ ወደ ውጭ ወጣሁ።