ያልሆነውን ለመናገር የተቀመጠ ጉባኤ፤ ስለ አዋሽ ሸለቆ ዳጉና ጊኒሊ

የምናብ ልብ ወለድ የሚጽፉ ሰዎች፣ ይኸውም ገና ያልመጣውን ዘመን ወይም ከቶ ያልነበረውን አገር እንደ ነበረ አድርገው የሚተርኩ ደራስያን፣ በአሜሪካና በእንግሊዝ አገር የሚሰበሰቡበት አንድ የተለየ ጉባኤ አለ። በዚህ ጉባኤ ተናጋሪና ታዳሚ ተብሎ የተከፈለ ሰው የለም፤ የመጣ ሁሉ ሥራውን ይዞ ይመጣል፣ የባልንጀራውንም ሥራ አንብቦ ፍርዱን ይሰጣል። እኛም የዚህን ጉባኤ ታሪክ በመረመርን ጊዜ ደንቡ እንግዳ ሆኖ አላገኘነውም። ከአዋሽ ሰባት ኪሎ እስከ ሰመራ ባለው የአፋር ምድር ከጥንት ጀምሮ ሲሠራበት የኖረውን ልማድ ያስታውሳልና ሁለቱን አስተያይተን ለመጻፍ አሰብን። ይህን ስንል አንዱ ከሌላው ተቀዳ ለማለት አይደለም። የምንጠይቀው፣ ሰው ሁሉ ተካፋይ የሚሆንበት ጉባኤ በምን ይጸናል? ብለን ነው።

በአሜሪካ በፔንሲልቬንያ ግዛት፣ ሚልፎርድ በምትባል ትንሽ ከተማ፣ ዴመን ናይት፣ ጁዲት ሜሪልና ጀምስ ብሊሽ የተባሉ ሦስት ደራስያን በ1956 እ.ኤ.አ. ባልንጀሮቻቸውን ለጉባኤ ጠሩ። በዚያን ዘመን የሳይንስ ልብ ወለድ አብዛኛውን ጊዜ የሚታተመው በርካሽ መጽሔቶች ላይ ስለ ነበረ የሥነ ጽሑፍ ሊቃውንት እምብዛም አይመለከቱትም ነበር፤ ስለዚህ ሐያሲ ያጡ ደራስያን እርስ በርሳቸው ለመተቻቸት ተገደዱ ማለት ይቻላል። ደንቡ አጭር ነው። ጽሑፍ ያላቀረበ አይቀመጥም። ተሰብሳቢዎቹ ክብ ሠርተው ይቀመጡና እያንዳንዱ በተራው ስለ ቀረበው ጽሑፍ ያሰበውን ይናገራል፤ የጽሑፉ ባለቤት ግን ተራው ዞሮ እስኪያልቅ ድረስ አንዲት ቃል አይተነፍስም፤ መልስ የሚሰጠው በመጨረሻ ብቻ ነው። በእኛ አስተያየት ከደንቡ ሁሉ ከባዱ ይህ ዝምታ ነው። ደራሲ ስለ ድርሰቱ ማብራሪያ መስጠት የለመደ ፍጥረት ነውና፤ ማብራሪያው ሲከለከል ግን ድርሰቱ ብቻውን ቆሞ መናገር ይኖርበታል።

ሮቢን ስኮት ዊልሰን የተባለ መምህር ይህን አይቶ በ1968 እ.ኤ.አ. በዚያው ግዛት በሚገኘው በክላርየን ኮሌጅ ለጀማሪዎች ትምህርት ከፈተ፤ በ1970ም ኦክታቪያ በትለር ከተማሪዎቹ አንዷ ነበረች። ብሊሽም ወደ እንግሊዝ አገር ተሻግሮ ስለ ነበረ ጉባኤው በ1972 እ.ኤ.አ. በዚያም ተተከለ፤ የተተከለባት የባሕር ዳር ከተማ ስሟ እንዲያው በአጋጣሚ ሚልፎርድ ነው።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። የአዋሽ ከተማ የባቡር ልጅ ናት። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ ድሬዳዋ በ1902፣ አዲስ አበባ ደግሞ በ1917 እ.ኤ.አ. ሲደርስ፣ የአዋሽ ጣቢያ ከደጋ የሚወርደውና ከቆላ የሚወጣው የሚገናኝበት ስፍራ ሆነ። ሰመራ ግን በቅርብ ዘመን የተቆረቆረች፣ ከአሳይታ ቀጥላ የአፋር ክልል ርእሰ ከተማ የሆነች፣ በ2000 ዓ.ም. የተመሠረተ ዩኒቨርሲቲም ያላት ከተማ ናት። በሁለቱ መካከል ባለው በረሃ ወሬ ሲጓዝ የኖረው በጋዜጣ ሳይሆን ዳጉ በሚባለው ሥርዓት ነው።

ዳጉ ማለት እንዲሁ ወሬ ማለት አይደለም። ሁለት አፋሮች በመንገድ ሲገናኙ ቸኩለውም ቢሆን ይቀመጣሉ። አንዱ ከየት እንደ መጣ፣ በመንገዱ ዝናብ ዘንቦ እንደ ሆነ፣ ግጦሹና ውሃው እንዴት እንዳለ፣ የከብቱን ጤና፣ የሰላሙን ነገር፣ ያየውንም እንግዳ ሰው ይናገራል፤ ሌላው ያዳምጥና ይጠይቃል፤ ከዚያ ተራው ይለወጣል። ተናጋሪው በዓይኑ ያየውን ከሌላ ከሰማው ለይቶ መናገር አለበት። ለዘላን የውሃውን ስፍራ በሐሰት መንገር መንጋውን መግደል ነውና፣ ሐሰት የተናገረ ወይም ማወቅ የሚገባውን የደበቀ ሰው በጎሳው ልማዳዊ ሕግ ይጠየቃል። ፊኢማ የሚባለው የእኩዮች ማኅበርም ጥፋተኛውን የመቅጣት ሥልጣን አለው። የእጅ ስልክ በሸለቆው ከገባ ወዲህም ዳጉ አልጠፋም፤ ስልኩ የዳጉ መንገድ ሆነ እንጂ።

ነገር ግን ዳጉ የሆነውን ነገር ብቻ የሚቀበል ከሆነ፣ ያልሆነውን የሚናገር ሰው በዚህ ሸለቆ የት ይቀመጣል? ለዚህ መልሱ ጊኒሊ ይመስለናል። በአዲስ አበባ በ1910 እ.ኤ.አ. የተወለደው እንግሊዛዊው ዊልፍሬድ ቴሲጀር በ1933 መጨረሻ ከአዋሽ ጣቢያ ተነሥቶ ነበር፤ በ1934ም ወንዙ የሚያልቅበትን የአቤ ሐይቅን ደርሶበታል። እርሱ በዕለት ማስታወሻው ከጻፋቸው ነገሮች አንዱ ይህ ጭፈራ ነው። ወንዶች ክብ ሠርተው እያጨበጨቡ ይዘፍናሉ፤ በመካከል ያለው ጊኒሊ ስለሚመጣው ነገር ይናገራል፤ ክቡም በዜማ ይቀበለዋል። ትንቢቱ ይፈጸም አይፈጸም የኛ ጉዳይ አይደለም። የኛ ጉዳይ የጉባኤው አሠራር ነው፤ የክቡ ድምፅ ሲቋረጥ የመካከለኛው ቃልም ይቋረጣልና፣ በዚያ ስፍራ የቆመ ሰው ሁሉ ሠራተኛ ነው።

እንግዲህ ሁለቱን ስናስተያይ አንድ ነገር ይገለጥልናል። በጊኒሊ ክብ ያለው ሰው ድምፁን ያበድራል፣ ፍርዱን ግን አያበድርም፤ ‹ይህ ቃልህ ከየት መጣ?› ብሎ ነገሩን አይመረምርም። በዳጉ የተቀመጠው ደግሞ አጥብቆ ይጠይቃል፣ ያልሆነውን ማሰብ ግን አልተፈቀደለትም። የሚልፎርድ ደራስያን የሠሩት ሁለቱን በአንድ ክብ ማስቀመጥ ነው፤ ያልሆነውን ይናገራሉ፣ ያልሆነውንም እንደ ሆነ ነገር አጥብቀው ይመረምሩታል። ‹በዚህች ዓለም ዝናብ ከሌለ ከብቱ ምን በላ?› የሚል ጥያቄ የሚነሣበትን ጉባኤ አንድ የአፋር አርብቶ አደር ፈጽሞ እንግዳ ነገር ነው ይለዋል ብለን አናምንም። ሦስቱንም ያጸናቸው ግብዣ ሳይሆን ግዴታ ነው። በሚልፎርድ የመቀመጫው ዋጋ ጽሑፍ ነው፣ በዳጉ ወሬ ነው፣ በጊኒሊ ድምፅ ነው። በዘመናችን በየአዳራሹ ‹አሳታፊ› ተብለው የሚጠሩት ስብሰባዎች ታዳሚው ያለ ዋጋ ገብቶ ያለ ዋጋ የሚወጣባቸው ስለ ሆኑ፣ በመጨረሻ የሚሰማው የመድረኩ ሰው ድምፅ ብቻ ነው።

የአማርኛ ልብ ወለድም ለዚህ ነገር ሩቅ አይደለም። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ‹ልብ ወለድ ታሪክ› ብሎ በሮም ሲያሳትም ልብ የወለደውን ታሪክ ብሎ መሰየሙን ልብ ይሏል። ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1925 ዓ.ም. ያሳተሙት ‹አዲስ ዓለም› ደግሞ ገና ያልመጣውን የተሻሻለ ሥርዓት አስቀድሞ ያሰበ መጽሐፍ ነው። ሁለቱም ግን ብቻቸውን ጻፉ። በቅኔ ቤት ተማሪው ቅኔውን በመምህሩና በባልንጀሮቹ ፊት ቢያሰማም፣ የመጨረሻው ፍርድ የመምህሩ ነው።

ጽሕፈት ለማያሻው ታሪክ እንኳ በዚህ ሸለቆ ብዙ አለ። በኅዳር 1967 ዓ.ም. በሐዳር የተገኘችው ድንቅነሽ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ያህል ዕድሜ አላት፤ ከአጥንቷ የተገኘው 40 በመቶ ገደማ ሲሆን የቀረውን ሊቃውንቱ እየተከራከሩ በግምት ሞልተውታል። ወንዙም ራሱ ወደ 1,200 ኪሎ ሜትር ተጉዞ ባሕር ሳይደርስ መቅረቱ ተረት የሚጠራ ነገር ነው።

የምናብ ደራስያን በሰመራ ወይም በአዋሽ ቢቀመጡ መጀመሪያ የሚነሣው ጥያቄ የቋንቋ ይሆናል። አፋርኛ የሚጻፈው በላቲን ፊደል ነው፣ አማርኛ በግእዝ ፊደል፤ ከሁሉ የሚበልጠው ተራኪ ምናልባት በየትኛውም የማይጽፍ ሊሆን ይችላል። እንግዲህ ‹ጽሑፍ ያላቀረበ አይቀመጥም› የሚለው የሚልፎርድ ደንብ በዚህ ስፍራ እንዳለ ቢገባ ባለቤቶቹን ከደጅ ያስቀራል፤ በቃል ያቀረበም እንዲቀመጥ መደረግ አለበት። ይህ ፍርሃት ባዶ አይደለም። በሰኔ 1962 እ.ኤ.አ. በካምፓላ በማከሬሬ ኮሌጅ የተደረገው የአፍሪካ ደራስያን ጉባኤ በእንግሊዝኛ ለሚጽፉ ብቻ የተጠራ ነበር። ያን ጊዜ ተማሪ የነበረው ንጉጊ ዋ ቲዮንጎ በሁለት አጫጭር ልብ ወለዶች ገባ። በዮሩባ ቋንቋ የሚጽፈው ፋጉንዋ፣ በ1938 እ.ኤ.አ. መናፍስት ስለሚኖሩበት ጫካ የተረከ የምናብ ደራሲ ሆኖ ሳለ፣ በዚያ ደንብ ሊጠራ የማይችል ሰው ነበር፤ ንጉጊም ይህን በ1986 ባሳተመው መጽሐፍ አንሥቶታል። ከጉባኤው ተካፋዮች አንዱ የነበረው ዎሌ ሾይንካ ያን የጫካ መጽሐፍ ወደ እንግሊዝኛ መልሶ ያሳተመው በ1968 ነው፤ ፋጉንዋ ግን በ1963 ሞቶ ነበር።