ኤግዚት ፖል፦ የድምፅ ሰጪዎች የመውጫ ጥናት

ድምፅ ሰጥተው ከምርጫ ጣቢያ የሚወጡ ሰዎችን ማንንና ለምን እንደመረጡ በመጠየቅ፣ ቆጠራው ሳያልቅ ውጤቱን ለመገመትና የመራጩን ዝንባሌ ለመረዳት የሚደረግ የናሙና ጥናት ነው። አሜሪካዊው ዋረን ሚቶፍስኪ በ1967 እ.ኤ.አ. በኬንታኪ የአገረ ገዥ ምርጫ ለሲቢኤስ ቴሌቪዥን ሠርቶበታል። በብሪታንያ የ2005 እ.ኤ.አ. ጥናት ሌበር ፓርቲ በ66 መቀመጫ ብልጫ እንደሚያሸንፍ ተንብዮ በትክክል ሠምሮለታል።

ጠያቂው ፊት አይቶ አይመርጥም፤ ለምሳሌ ከሚወጡት እያንዳንዱን አሥረኛ ሰው ያስቆማል። መላሹ ስም የሌለውን ቅጽ ሞልቶ ሳጥን ውስጥ ይከታል።

በአማራ ክልል ያለውን ፎገራን የመሰለ አካባቢ ግን በናሙና አመራረጥ ጥንቃቄ ይጠይቃል። የጎንደርና የደብረ ታቦር መንገዶች ከሚለያዩባት ወረታ ብቻ የተሰበሰበ መልስ የከተማውን ነጋዴና ሠራተኛ እንጂ፣ በርብና በጉማራ ወንዞች ዙሪያ ሩዝ የሚያመርተውን ገበሬ አይወክልም። ማንበብ የማይችል መራጭ በቃል ሲጠየቅ ደግሞ፣ ሁሉም በሚተዋወቅበት ቀበሌ ምስጢሩ ለአደጋ ይጋለጣል። ይህ ከስሌት ስህተት የከፋ ነው፤ የፈራ ሰው እውነቱን አይናገርምና።

በኢትዮጵያ ለ2002 ዓ.ም. ምርጫ የወጣው የጋዜጠኞች የሥነ ምግባር ደንብ በድምፅ መስጫው ዕለት መራጮችን ቃለ መጠይቅ ማድረግን ይከለክል ስለነበር፣ ጋዜጠኞች ኤግዚት ፖል ሊያካሂዱ አይችሉም ነበር። ያለ ኤግዚት ፖል፣ በምርጫ ጣቢያ በር ላይ የሚለጠፈው የቆጠራ ውጤት በጣቢያው ማን ስንት ድምፅ እንዳገኘ ያሳውቃል፤ ወጣቶች ወይም ሴቶች ለማን፣ በምን ምክንያት ድምፅ እንደሰጡ ግን አይነግርም። የኤግዚት ፖል ትልቁ ጥቅም እዚህ ላይ ነው።