የሱፐርቻርጀር ፑሌጃ

ሱፐርቻርጀር አየር አምቆ ወደ ሲሊንደር የሚገፋ መሣሪያ ሲሆን፣ ከክራንክሻፍት የሚመጣውን ጉልበት በቺንጋ የሚቀበልበት መንኮራኩር ፑሌጃው ነው። በጭስ ጉልበት ከሚሽከረከረው ተርቦ የሚለየውም በዚሁ ነው። በአገራችን መንገዶች ይበልጥ የሚታወቀው ተርቦ ነው፤ ሱፐርቻርጀር ግን «ኮምፕሬሰር» የሚል ጽሑፍ ባለባቸው መርሴዲሶች ላይ ይገኛል።

ከፍ ባለ ቦታ አየሩ ይሳሳል፤ ለምሳሌ የላንጋኖ ሐይቅ ከባሕር ጠለል በላይ 1,585 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነ የአየር ግፊቱ በባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ ስድስተኛ ያህል ያንሳል። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ አየሩ ከዚያም ይሳሳል። በሱፐርቻርጀሩ ላይ የሚገጠም አነስተኛ ፑሌጃ በፍጥነት ስለሚያሽከረክረው ይህን ጉድለት ያካክሳል፦ የክራንክሻፍቱ ፑሌጃ 180፣ የሱፐርቻርጀሩ 90 ሚሊ ሜትር ቢሆን፣ ሞተሩ በደቂቃ 6,000 ሲዞር ሱፐርቻርጀሩ 12,000 ይዞራል። 90ው በ80 ቢተካ 13,500 ይደርሳል።

ፑሌጃውን የመለወጡ ሥራ ቤት ውስጥ ይቻላል። ሞተሩ ይቀዘቅዛል፣ የባትሪው ኔጌቲቭ ይፈታል፣ መወጠሪያው ላልቶ ቺንጋው ይወጣል። በብሎን የታሰረ ፑሌጃ ቀላል ነው። ተጠቅጥቆ የገባው ግን በመጎተቻ ብቻ ይውጣ፤ መዶሻ የውስጡን ኩሽኔታ ይገድላል፣ ጉዳቱም ወዲያው አይታይም። አዲሱ ከሌሎቹ ፑሌጃዎች ጋር በአንድ መስመር ካልዋለ ቺንጋውን ይበላል። ቺንጋውም አጠር ያለ መሆን ሊኖርበት ይችላል።

አየር ሲጨምር ቤንዚንም በልኩ ይጨመር፤ አለበለዚያ ሞተሩ ያንኳኳል፣ ፒስተንም ሊቀልጥ ይችላል። ላንጋኖ ላይ የተስተካከለ መኪና ወደ ቆላ፣ ለምሳሌ ወደ አዋሽ፣ ሲወርድ የአየር ግፊቱ ስለሚጨምር ልኬቱ ዳግም መታየት አለበት።