ወተት በጉንጬ

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ፣ ከኮምቦልቻም ወደ ሐርቡ ቁልቁል የሚወርድ መንገደኛ፣ አየሩ እየሞቀ ሲሄድ ከመንገዱ ግራና ቀኝ የቆመውን ማሽላ ሳያስተውል አያልፍም። እኛ ከተሜዎች ሁሉንም «ማሽላ» ብለን እናልፈዋለን፤ የወሎ ገበሬ ግን ለየዓይነቱ ስም አውጥቶለታል። ከእነዚህ ስሞች መካከል ሁለቱ ዘወትር ያስደንቁኛል፤ አንደኛው «ወተት በጉንጬ»፣ ሁለተኛው «ማርጩቄ» ይባላል። ወተትና ማር! ስም አውጪው በምላሱ ያገኘውን ነው የመሰከረው። ሳይንስ ይህን ምስክርነት ያጸደቀው ዘግይቶ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በአሜሪካ የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሲንግና አክስቴል ከዓለም ዙሪያ የተሰበሰቡ የማሽላ ዝርያዎችን ሲመረምሩ፣ ከኢትዮጵያ የተገኙ ሁለት ናሙናዎች ከሌሎቹ ተለዩባቸው። ግኝታቸውን እ.ኤ.አ. በ1973 አሳተሙ። ላይሲን ሰውነታችን ራሱ ሊሠራው የማይችል የፕሮቲን ክፍል ነው፤ በተራው ማሽላ ከ100 ግራም ፕሮቲን ውስጥ 2 ግራም ያህል ብቻ ይገኛል። በሁለቱ ናሙናዎች ግን ከ3 ግራም በላይ ሆኖ ተገኘ። የትውልድ ስፍራቸውም ወሎ ነበር።

ምክንያቱ በዘረ መል ላይ በተፈጥሮ የደረሰ አንድ ለውጥ፣ ባለሙያዎች «ሚውቴሽን» የሚሉት ነው። ለውጡ ላይሲን እምብዛም የሌለበትን የማሽላ ፕሮቲን ይቀንሰዋል፤ በአንጻሩ ላይሲን ያላቸው ፕሮቲኖች ድርሻ ከፍ ይላል። ጠባዩ ግን ድብቅ ነው፤ ከእናትም ከአባትም ካልተወረሰ አይታይም። በአበባው ጊዜ የጎረቤት ማሽላ ብናኝ ቢያርፍበት፣ የሚያፈራው ፍሬ ተራውን ማሽላ ይመስላል። ስለዚህ ዓመት ዓመት ለይቶ የሚያስቀምጠው ሰው ካላገኘ ከሌላው ጋር ተቀላቅሎ ሊጠፋ ይችላል።

ታዲያ ማን ለየው? ፍሬው ሲደርቅ ይሰረጉዳል፣ ይጨማደዳል፤ ውስጡ ዱቄታማ ነው፤ ምርቱም ያንሳል። በኩንታል ብቻ የሚለካ ሰው ቢሆን ገና ዱሮ በጣለው ነበር። እነ ዶክተር ብርሃነ ገብረኪዳን ነገሩን ወሎ ላይ ባጠኑት ጊዜ ግን፣ ገበሬው የሚዘራው የምርቱን ማነስ እያወቀ መሆኑን ተረዱ። ከሌላው ማሽላ ጋር አደባልቆ ይዘራዋል፤ እሸቱን ጠብሶ ይበላዋል፤ ጣዕሙን ስለሚወድ ለዘር ያስቀርለታል። የተጨማደደው ፍሬ ራሱ መለያ ምልክቱ ነው፤ ዘር መምረጥ የለመደ ዓይን አይስተውም።

አንድ መራር ግጥምጥሞሽ እዚህ ላይ አለ። ግኝቱ በታተመበት በዚያው ዓመት ወሎ በረሃብ ያልቅ ነበር። ማሽላው በባሕር ማዶ ቤተ ሙከራ ሲወደስ፣ ያቆየው ገበሬ መንገድ ዳር ይወድቅ ነበር። እርግጥ ላይሲን ድርቅን አይመክትም፤ ዝናብ ሲቀር ወተት በጉንጬም አይበቅልም። ይሁንና ረሃብ ዘርን ያስበላል። የመጨረሻዋ ቁና ከጎተራ ወጥታ ስትበላ፣ የአያት የቅድመ አያት ምርጫ አብሯት ይበላል። እርዳታ ስንዴ ሊያመጣ ይችላል፤ ያንን ዘር ግን ከየት ያመጣዋል?

ይህን ጥያቄ አጥብቀው ከያዙት ሰዎች አንዱ ዶክተር መላኩ ወረደ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1976 የተቋቋመውን የዕፅዋት ዘር ሀብት ማዕከል በመሩበት ዘመን፣ ከ1977 ዓ.ም. ድርቅ በኋላ በሸዋና በወሎ የአገሬው ዘር ከገበሬው እየተሰበሰበ፣ በገበሬው ማሳ ላይ እየተባዛ ወደ ባለቤቱ የሚመለስበትን ሥራ ጀመሩ። እ.ኤ.አ. በ1989 «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝተዋል። በቀዝቃዛ ክፍል የታሸገ ዘር ከጥፋት ይድናል፤ ሆኖም በየዓመቱ የሚቀምሰውና የሚመርጠው የለም። ስለዚህ ክፍሉም ማሳውም ያስፈልጋሉ።

በ1998 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 482 ማኅበረሰቡ በዘር ሀብቱ ላይ ያለውን መብት በሕግ አውቆለታል። ማሽላው ግን ከአዋጁ አስቀድሞ ባሕር ተሻግሯል፤ ሳይንቲስቶችም ዘረ መሉን «ኤች ኤል» ብለውታል። እኔ የወሎውን ስም እመርጣለሁ። ለውጡ የተፈጥሮ ሥራ ነው፤ እሸቱን ቀምሶ፣ ከሌላው ለይቶ፣ በክፉ ቀን ሳይቀር ለዘር ያስቀረውን ሰው የሚያስታውሰን ግን ያ ስም ብቻ ነው።